ገዝቶ መከራየት

ገበሬ ከባለእጅ ማረሻ ሲገዛ ውሉ አጭር ነው። ብረቱ ይታያል፣ ዋጋው ይቈረጣል፣ ገንዘቡ ይቈጠራል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማረሻው የገበሬው ነው። ሲዶለዱም ወደ ባለእጁ ወስዶ ያስቀጠቅጠዋል፤ ለድካሙም ይከፍላል። «ዘንድሮስ እንዳለ ልረስበት» ቢል ግን የሚከለክለው የለም። ባለእጁም በበኩሉ «ይህን ማረሻ ከሠራሁት አምስት ዓመት ስለ ሆነው ከመጪው መስከረም ወዲህ አላውቀውም፤ አዲሱን ግዛ፤ አዲሱም ካለህ ሞፈር ጋር ስለማይገጥም ሞፈሩንም ለውጥ» አይለውም። በሰው ልጅ የረጅም ጊዜ ልምድ መሣሪያ ማለት እንዲህ ያለ ነገር ነበር፤ የሠራው እጅ ሸጦ የሚለቀው፣ የገዛው እጅ ደግሞ እንደ ዐቅሙና እንደ ፍላጎቱ የሚያዝበት።

በዛሬው ዘመን የፋብሪካ፣ የንግድ ቤትና የመሥሪያ ቤት ዋነኛ መሣሪያ የሆነው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከዚህ ልማድ ወጥቷል። ፕሮግራም ኮምፒዩተሩ ምን ምን እንዲሠራ በቅደም ተከተል የሚያዝ የተጻፈ ትእዛዝ ነው፤ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያሰላው፣ በመጋዘን የቀረውን ዕቃ የሚቈጥረው፣ የዓመቱን ሂሳብ የሚዘጋው እርሱ ነው። ደንበኛው ይህን ሲገዛ በእጁ የሚገባው የመጠቀም ፈቃድ ነው። በፈቃዱ ላይ በየዓመቱ የሚከፈል የጥገና ዋጋ ይታከልበታል። በየጥቂት ዓመቱም አዲስ እትም ይወጣል፤ አዲሱ ሲወጣ ለአሮጌው ጥገናው የሚያበቃበት ቀን ይቈረጥለታል። በዚህም ምክንያት ደንበኛው በሚሠራበት ነገር ላይ አንዳች እንከን ሳያገኝ፣ ሥራውም ሳይጓደል፣ የያዘው እትም ጊዜው ማለፉን የሚገልጽ ደብዳቤ ይደርሰዋል። በብዙ አገሮች የንግድ ድርጅቶች ዘንድ የሚሰማው ምሬት ከዚህ ደብዳቤ ይጀምራል። ለመሆኑ ይህ ምሬት የገንዘብ ብቻ ነውን? ከገንዘቡ በስተጀርባ ያለው ጥያቄስ ምንድን ነው?

ነገሩ ከመነሻው እንዲህ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1955 በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ አካባቢ፣ አይ.ቢ.ኤም. 704 የተባለውን ኮምፒዩተር የሚጠቀሙ ድርጅቶች፣ ከእነርሱም መካከል የአውሮፕላን ፋብሪካዎች፣ «ሼር» የተባለ ማኅበር መሠረቱ፤ ቃሉ «መካፈል» ማለት ነው። አንዱ ድርጅት ደክሞ የጻፈውን ፕሮግራም ሌላው እንደገና እንዳይደክምበት ይቀባበሉ ነበር። አይ.ቢ.ኤም. ኩባንያም ቢሆን ፕሮግራሙን፣ ሥልጠናውንና የባለሙያውን እርዳታ ከማሽኑ ዋጋ ጋር አጠቃሎ ያቀርብ ነበር። በጃንዋሪ 1969 የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ኩባንያውን ገበያውን ለብቻው ሊይዝ ሞክሯል ሲል ከሰሰው። በዚያው ዓመት በጁን ወር ኩባንያው ከፕሮግራሞቹና ከአገልግሎቶቹ ብዙዎቹን ከማሽኑ ለይቶ በየራሳቸው ዋጋ ለመሸጥ መወሰኑን አስታወቀ። ውሳኔው ለትናንሽ የፕሮግራም አምራቾች በር ከፈተ፤ ገበያም ተፈጠረ። የሰው ሐሳብ የደከመበት ጽሑፍ ለብቻው ዋጋ ማግኘቱ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ከብረቱ ጋር እንደ ምራቂ ይታይ የነበረው የባለሙያ ድካም በስሙ ተጠራ ማለት ነውና።

በዚህ በር ከገቡት አንዱ የጀርመኑ ኤስ.ኤ.ፒ. ነው። ቀድሞ የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረቦች የነበሩ አምስት ሰዎች በ1972 አቋቋሙት። የመጀመሪያ ደንበኛቸው የእንግሊዙ ኢምፔሪያል ኬሚካል ኢንዱስትሪስ በኤስትሪንገን ከተማ የነበረው የጀርመን ቅርንጫፍ ነበር። በዚያን ጊዜ የራሳቸው ኮምፒዩተር ስላልነበራቸው በደንበኛው ማሽን ላይ፣ ብዙ ጊዜም በሌሊትና በዕረፍት ቀን ይሠሩ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ የንግድ ፕሮግራም አምራቾች አንዱ የሆነው ኩባንያ ሥራውን የጀመረው እንግዲህ በደንበኛው ቤት እንግዳ ሆኖ ነው። ይህ ታሪክ ሊዘነጋ አይገባውም፤ እንግዳውና ባለቤቱ ቦታ የተለዋወጡበት ጊዜ ኋላ መጥቷልና።

ለፍርድ ያህል የሠሪውንም ወገን መስማት ያስፈልጋል። ፕሮግራም እንደ ብረት አይዝግም፤ በዙሪያው ያለው ዓለም ግን ይለወጣል። ኢትዮጵያ በ2003 የሽያጭ ታክስን በተጨማሪ እሴት ታክስ ስትተካ፣ በአሮጌው ሕግ የሚያሰላ ፕሮግራም ሁሉ ካልታረመ በቀር የሚያወጣው ሂሳብ ስሕተት ነበር። ሌባም አለ። በሜይ 2017 «ዋናክራይ» የተባለው አጥፊ ፕሮግራም በብዙ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ሲቈልፍ በእንግሊዝ የሕዝብ ሆስፒታሎች ሐኪሞች የበሽተኞችን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰዋል። የማይክሮሶፍት ኩባንያ ቀዳዳውን የሚደፍነውን ጥገና ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር፤ ያልተጠነቀቀው ተጐዳ። ስለዚህ ማሻሻያ ሁሉ ማጭበርበር ነው ብሎ መናገር እውነቱን መሸራረፍ ነው። የሚጠግን ሰው መኖር አለበት፤ የሚጠግነውም መብላት አለበት።

ሆኖም የዚያው የ2017 ታሪክ ሌላ ገጽ አለው። ዊንዶስ ኤክስፒ የተባለው የማይክሮሶፍት አሮጌ እትም አጠቃላይ ጥገናው ያበቃው በኤፕሪል 8 ቀን 2014 ነበር። ከዚያ በኋላ ጥገና ይደርስ የነበረው በልዩ ውል ለሚከፍሉ ብቻ ነው፤ የእንግሊዝ መንግሥትም ለአንድ ዓመት ያህል ይህን መሰል ውል ገብቶ ነበር። ጥቃቱ ሲደርስ ኩባንያው ለኤክስፒ የተሠራውን ጥገና ለሁሉም በነጻ ለቀቀው። መልቀቁ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን አሮጌ የተባለው መሣሪያ ሊጠገን የሚችል እንደ ነበረ፣ የጥገናው ማብቂያ ቀንም ከሻጩ የሥራ ዕቅድና ገበያ ጋር የተሳሰረ እንደ ሆነ ለማንም ግልጽ ሆነ። ደንበኛውን የሚያስቈጣው ይህ ነው። ሕግ ሲለወጥ፣ ሌባ ሲመጣ መክፈል ይገባዋል፤ የማይገባው፣ ዕድሜው የተፈጸመው ዕቃው ይሁን ውሉ ሳይለይ እንዲከፍል መጠየቁ ነው።

ወደ ሂሳቡ ከመግባት በፊት በሂሳቡ ላይ የምትቀመጠውን ሰው ማየት ይገባል። በአንድ መካከለኛ ፋብሪካ ሃያ ዓመት የሠራች የሂሳብ ሹም ትታሰብ። አሮጌውን ፕሮግራም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጠልታው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጣቷ ለመደው። የትኛው ቁልፍ የትኛውን ገጽ እንደሚከፍት ዐይኗ ሳያይ እጇ ያውቃል። ፕሮግራሙ ሲገዛ የማያውቀውን የፋብሪካውን ጠባይ፣ ማለትም በወቅቱ የማይደርሰውን የጥሬ ዕቃ ሂሳብ፣ በሁለት ዋጋ የሚሸጠውን ተረፈ ምርት፣ የሌሊት ፈረቃውን ልዩ አበል፣ የፋብሪካው ባለሙያዎች በትናንሽ ተጨማሪ ፕሮግራሞች እየጻፉ አስገብተውለታል። በኤስ.ኤ.ፒ. ሥርዐት ደንበኛው ራሱ ለሚጽፋቸው ፕሮግራሞች የስም መነሻ እንዲሆኑ የተለዩት ሁለት የላቲን ፊደላት «ዋይ» እና «ዜድ» ናቸው፤ የፊደል ገበታው የመጨረሻዎቹ። ሌላው ፊደል የሻጩ ነው። የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ስለ ራሳቸው ሥራ ያካበቱት ዕውቀት፣ የስንት ሰው ብልሃትና የስንት ዓመት ልምድ፣ በዚያች በገበታው ጫፍ ባለች ጠባብ ቦታ ተጠራቅሞ ይገኛል።

ማሻሻያው የሚመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። በዜድ ሥር የተጻፈው ፕሮግራም ከአዲሱ እትም ጋር መስማማቱ አንድ በአንድ ይፈተናል፤ ፈተናውም የሚካሄደው ሌላ ሥራ በሌለበት ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓል ቀንና በሌሊት ነው። የአሮጌው መዝገብ ወደ አዲሱ ይገለበጣል፤ ድምር ከድምር እስኪገጥም ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሰኞ ጧት አዲሱ ገጽ ሲከፈት የለመደችው ቁልፍ ከቦታው የለም። ለሃያ ዓመት ዐዋቂ የነበረችው ሴት በአንድ ሌሊት ጀማሪ ሆነች፤ ከእርሷ ዘንድ ይጠይቁ የነበሩት አሁን ከእርሷ ጋር ተሰልፈው ሌላ ይጠይቃሉ። የምታሰላው ደመወዝ ግን ያው የትናንቱ ደመወዝ፣ የምትቈጥረው ዕቃ ያው የትናንቱ ዕቃ ነው። ይህ ድካም በሻጩ የዋጋ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። ደንበኛው ለማሻሻያ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንድ ጊዜ ለሻጩ በገንዘብ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በገዛ ሠራተኞቹ ጉልበትና ዕድሜ። ሁለተኛው ክፍያ በየትኛውም መዝገብ ስለማይጻፍ የሚከፈል አይመስልም።

ምሬቱ በአደባባይ የወጣበት ጊዜ በ2008 ነበር። በዚያው ዓመት አጋማሽ ኤስ.ኤ.ፒ. ደንበኞቹ ወደ አዲስ የጥገና ውል እንዲዛወሩ፣ ዓመታዊው ክፍያም ከፈቃዱ ዋጋ 17 በመቶ ወደ 22 በመቶ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ መወሰኑን አስታወቀ። አምስት ከመቶ ለሚሰማው ትንሽ ነው። ይሰላ እንግዲህ። ፈቃዱ አንድ ሚሊዮን ዩሮ የሚያወጣ ድርጅት በዓመት ይከፍል የነበረው 170,000 ዩሮ ወደ 220,000 ይደርሳል፤ ይህም ማለት የጥገናው ክፍያ ሩብ ያህል እንኳ ሳይሆን ከሩብም አልፎ 29 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። በ17 በመቶ ሂሳብ ደንበኛው የመጀመሪያውን ዋጋ ያህል እንደገና ከፍሎ የሚጨርሰው ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ በ22 በመቶ ግን ይህ በአራት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ይፈጸማል። ከዚያም በኋላ ሂሳቡ ከአንድ ብሎ ይጀምራል። ከ1975 የገጠር መሬት ዐዋጅ በፊት እርቦ አራሽ የነበረ የኢትዮጵያ ጭሰኛ ይህን ስሌት ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም ነበር። ልዩነቱ፣ እርቦ ከተገኘው ምርት የሚታሰብ ሲሆን የጥገናው ክፍያ ከመነሻ ዋጋው ስለሚታሰብ ዓመቱ ቢከፋም አለመቀነሱ ነው። ዓመቱም ከፍቶ ነበር፤ በ2008 መጸው የዓለም ባንኮች ሲናጉ፣ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ሲቀንሱ፣ የጭማሪው ማስታወቂያ በደንበኞች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ደንበኞቹን ይበልጥ ያስቈጣቸው የጭማሪው መጠን ሳይሆን የምርጫው መጥፋት ነበር። የራሳቸው ባለሙያ ያላቸው፣ የሻጩን እርዳታ እምብዛም የማይጠይቁ ድርጅቶች ላላዘዙት አገልግሎት እንዲከፍሉ ተጠየቁ። ትቶ መሄድስ? ለመሄድ ዐሥርና ሃያ ዓመት የተጠራቀመውን መዝገብ፣ በዜድ ሥር የተጻፈውን ዕውቀት ሁሉ ጥሎ መሄድ ያስፈልጋል። ሻጩ ይህን ያውቃል፤ ደንበኛው ሻጩ ማወቁን ያውቃል። በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚደረግ ድርድር ከገበያ ድርድር ይለያል፤ ገበያተኛ ዋጋው ካልተስማማው ቅርጫቱን አንሥቶ ይሄዳልና።

ታዲያ ለየብቻ አቤት ማለት እንደማያዋጣ የተረዱት ተጠቃሚዎች በማኅበራቸው አማካይነት ተነሡ። ከ1997 ጀምሮ የነበረው የጀርመንኛ ተናጋሪ ተጠቃሚዎች ማኅበርና የልዩ ልዩ አገሮች ተጠቃሚዎች ኅብረት ከኩባንያው ጋር ለድርድር ተቀመጡ። ያቀረቡት ጥያቄ ቀላል ነበር፤ «ከፍ ያለ ዋጋ ካስከፈላችሁ ከፍ ያለ ጥቅም መኖሩ በመለኪያ ይታይ» የሚል። በ2009 ጭማሪው ረዘም ባለ ጊዜ እንዲከፋፈል፣ ጥቅሙም በጋራ በተስማሙበት መለኪያ እንዲመዘን ተወሰነ። በጃንዋሪ 2010 ኩባንያው ዝቅተኛ ዋጋ ያለውን መደበኛ ጥገና መልሶ አቀረበ፤ ደንበኛው ከሁለቱ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። በተከታዩ ወር ዋና ሥራ አስኪያጁ ሌዮ አፖቴከር ከሥራቸው ለቀቁ፤ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነበር ባይባልም የደንበኞች ቅሬታ በጊዜው ከፍ ብሎ ይሰማ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ምሳሌ የሂሳብ ሠራተኞችና የኮምፒዩተር ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽም እውነት ሆኖ ተገኘ። በ1955 ፕሮግራም ለመካፈል የተጀመረው የተጠቃሚዎች ማኅበር ሐሳብ ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ዋጋን ለመጋፈጥ ጠቀመ።

ድሉ ግን ጥያቄውን አልዘጋውም። ኤስ.ኤ.ፒ. በ2015 አዲስ ትውልድ ሥርዐት አወጣ፤ አዲሱም የሚሠራው በኩባንያው በራሱ የመረጃ ማከማቻ ላይ ብቻ ነው፤ በአሮጌው ጊዜ ግን ደንበኛው ማከማቻውን ከልዩ ልዩ አምራቾች መርጦ መግዛት ይችል ነበር። የአሮጌው ሥርዐት መደበኛ ጥገና በ2025 እንዲያበቃ ተወስኖ ሳለ በ2020 መጀመሪያ ቀኑ እስከ 2027 መጨረሻ፣ በተጨማሪ ክፍያ ደግሞ እስከ 2030 መጨረሻ ተራዘመ። በሥዕልና በኅትመት ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችም ጽዋውን ቀምሰዋል። አዶቢ ኩባንያ በ2013 ለሥዕልና ለገጽ ቅንብር የሚያገለግሉትን ፕሮግራሞቹን ወደፊት በሚያወጣቸው እትሞች በወርና በዓመት ኪራይ ብቻ እንደሚያቀርብ አስታወቀ። ቀድሞ ሠዓሊው አንድ እትም ገዝቶ እስኪሰለቸው ይሠራበት ነበር፤ የማሻሻያው ውሳኔ በእጁ ነበር። በኪራዩ ሥርዐት ማሻሻያው ሳይጠየቅ ይመጣለታል፤ መክፈል ባቆመ ጊዜ ግን መሣሪያው ይቈለፍበታል። የራሱ ሥዕል በራሱ ሣጥን ውስጥ አለ፤ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ጸሐፊዎችና አሳታሚዎች እንግዳ አይደለም። የግእዝ ፊደል ከኮምፒዩተር ጋር በተዋወቀባቸው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ልዩ ልዩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ተሠርተው ነበር። የሠሪዎቹ ትጋት የሚመሰገን ነው፤ ያለ እነርሱ ፊደሉ ከመስኮቱ አይታይም ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደላቱ የሰጠው ቍጥር የየራሱ ስለ ነበረ በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ደራሲው የጻፈው ልብ ወለድ የራሱ ነው፤ ሆኖም ለማንበብ እንኳ የአንድን አምራች ፕሮግራም ማግኘት ነበረበት። ከዚህ እስራት መውጫውን ያበጀው አንድ አምራች ሌላውን ማሸነፉ አይደለም። በ1999 የግእዝ ፊደላት ዩኒኮድ በተባለው የጋራ የፊደላት መለያ ውስጥ ገቡ፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የማንም የግል ያልሆነ አንድ ቍጥር ተሰጠው። በ2007 የወጣው ዊንዶስ ቪስታም «ኒያላ» የተባለውን የግእዝ ቅርጸ ፊደል ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሥርዐት የተጻፈ ጽሑፍ ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ ሲሄድ ፊደሉ ፊደል ሆኖ ይቈያል። አምራቾቹ አሁንም ይሸጣሉ፣ ይወዳደራሉ፤ ጽሑፉን ግን መያዣ ሊያደርጉት አይችሉም።

በዚህ ምሳሌ ተመርቶ፣ ሁሉም ሰው በነጻ የሚታደሉትንና ምንጫቸው ክፍት የሆነውን ፕሮግራሞች ቢይዝ ችግሩ ይቃለላል የሚል አለ። ሐሳቡ ክብደት አለው፤ ግን መንገዱ ቀላል አይደለም። የሙኒክ ከተማ ምክር ቤት በ2003 መሥሪያ ቤቶቹን ከዊንዶስ ወደ ሊኑክስ ለማዛወር ወስኖ ብዙ ዓመት ደከመ፤ በ2017 ደግሞ ወደ ዊንዶስ ለመመለስ ወሰነ። ነጻ ፕሮግራምም ቢሆን የሚጠግነው ባለሙያ፣ የሚያስተምረው መምህር፣ የሚጸና አመራር ይፈልጋል። ነጻነት ያለ ወጪ አይገኝም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወጪው የገዛ ባለሙያን ዕውቀት የሚያሳድግ ወይም በየዓመቱ ወጥቶ የሚቀር መሆኑ ላይ ነው።

እንግዲህ የደንበኛው ምሬት ከገንዘብ አልፎ የሥልጣን ጥያቄ መሆኑ ከዚህ ሁሉ ይታያል። የሚጠይቀው፣ መሣሪያው «ይበቃኛል» የማለት መብቱ እንዲጠበቅለት ነው። ይህ መብት በኋላ በልመና አይገኝም፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፣ ፊርማው ከመኖሩ በፊት ሊጠየቅ ይገባዋል። የድርጅቱ መዝገብ ሙሉ በሙሉ በማንኛውም ፕሮግራም ሊነበብ በሚችል መልክ ይወጣልን? ጥገናው ካበቃ በኋላ ፕሮግራሙ መሥራቱን ይቀጥላልን? የክፍያው ጭማሪ ጣሪያ አለውን? ሠራተኞች የጻፉት ተጨማሪ ፕሮግራም የማን ነው? በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ የኮምፒዩተር ሥርዐት የሚገዛ መሥሪያ ቤት የዋጋውን ማስታወቂያ ከማንበቡ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች በጽሑፍ ቢያቀርብ፣ መልሱንም በጽሑፍ ቢቀበል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ደብዳቤ ሌላ መልክ ይኖረዋል። ጥያቄዎቹ በሚዘጋጁበት ስብሰባ ላይ ደግሞ ከሥራ አስኪያጁና ከነገረ ፈጁ ሌላ፣ ያቺ የሂሳብ ሹም ወንበር ይኑራት። መዝገቡ ምን እንደያዘ፣ ቢጠፋ ምን እንደሚጠፋ ከእርሷ ይልቅ የሚያውቅ የለም።